ወንበሩ ይኖራል፥ ተቀማጩ ይለዋወጣል

የአንድ ሹመት መልካምነት የሚታወቀው በአገባቡ ብቻ አይደለም፤ በአወጣጡም ነው። ሰው ወደ ሥራ ሲገባ እልል የሚለው ብዙ ነው፤ ከሥራው ሲወጣ ግን እንዴት እንደ ወጣ፥ ለማንስ እንዳስረከበ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረታችን ሲተረት ብዙ ሰው ይሥቃል፤ ጠንቅቆ ለሚያስተውለው ግን ተረቱ የሚያሥቅ ሳይሆን የሚያሳዝን ነው። መውረድ እንደ ሞት በሚቈጠርበት ስፍራ ወንበሩ የሰውየው ገንዘብ ይሆናልና፥ ሰውየው ሲነሣ ወንበሩም አብሮ ይሰበራል። እኛም ዛሬ ይህን ትልቅ ነገር ትንሽ በሚመስል ጽሑፍ ውስጥ፥ ይኸውም ኮሚክ በሚባለው የሥዕል መጽሔት ውስጥ ልንመረምረው አስበናል።

ኮሚክ ማለት ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተርክ መጽሔት ነው። በዚህ ዓይነት መጽሔት ከሰው ኃይል የበለጠ ኃይል ያለው፥ ልዩ ልብስ ለብሶ ክፉዎችን የሚዋጋ ሰው ልዕለ ጀግና ይባላል። «ይህ የሕፃናት ጨዋታ ነው፤ ከቁም ነገር ገጽ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። በዲላም ሆነ በይርጋ ጨፌ፥ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር የሚኖር ወጣት ከእነዚህ መጽሔቶች የተቀዱትን ፊልሞች በስልኩ መስኮት ያያል፤ ጀግና ማለት ምን እንደ ሆነ፥ አለቃ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚወርድ ሳይታወቀው ከዚያ ይማራል። ልጅ የሚማርበትን ነገር ሽማግሌ ቢመረምረው ነውር የለበትም። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የልዕለ ጀግኖች መጽሔት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአንድ ጀግና ብቻ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የማኅበር ታሪክ ነው። የማኅበሩ መጽሔት የተሠራው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ነገር ግን የአንድ ጀግና መጽሔት የማያገኘው አንድ ጭንቅ በማኅበሩ መጽሔት ላይ ይመጣበታል፤ መጽሔቱ ከስድሳና ከሰባ ዓመት በላይ ሲቈይ አባሎቹ ይወጣሉ፥ ሌሎች ይገባሉ፥ ማኅበሩ ግን በስሙ ይኖራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መጽሔት የሚተች ሰው መጠየቅ ያለበት «ከሁሉ የሚበረታው ማን ነው?» ብሎ አይደለም፤ «ማን ወጣ? ስለ ምን ወጣ? በእርሱስ ወንበር የተቀመጠው ምን ዕዳ ተቀበለ?» ብሎ ነው።

የዚህ ዓይነት መጽሔት መጀመሪያ በ1940 በአሜሪካ የወጣው «ኦል ስታር ኮሚክስ» ቍጥር 3 ነው፤ «ጀስቲስ ሶሳይቲ» የተባለው የጀግኖች ማኅበር የተሰበሰበው በዚያ ነው። ማኅበሩ አንድ የሚያስገርም ደንብ ነበረው። ከአባሎቹ አንዱ ገናና ሆኖ በራሱ ስም የሚወጣ መጽሔት ያገኘ እንደ ሆነ የክብር አባል ተብሎ ይሰናበታል፤ በስፍራውም ገና ያልታወቀ ሌላ ጀግና ይገባል። ፈጣኑ ጀግና ፍላሽ በ1941 በዚህ ደንብ ወጣ፤ በእርሱም ፈንታ ጆኒ ተንደር የተባለ፥ ሥራው ሁሉ ስሕተት የሚበዛበት ተላላ ሰው ገባ። ጥቂት ቈይቶም ግሪን ላንተርን በዚሁ መንገድ ተሰናበተ። ደንቡ የተወለደው ከንግድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ አሳታሚዎቹ ያልታወቁትን ጀግኖች ለገበያ ለማስተዋወቅ ብለው አወጡት። ይሁን እንጂ ከንግድ የተወለደው ደንብ ጥበብ አለበት። ያደገው ወጥቶ ለታናሹ ስፍራ ይለቃል፤ የሚወጣውም በክብር እንጂ በውርደት ወይም በሞት አይወጣም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ይህን ጥበብ ዘንግተውታል።

በ1963 «አቬንጀርስ» ማለት ተበቃዮች የተባለው ማኅበር በስታን ሊ ደራሲነትና በጃክ ከርቢ ሠዓሊነት ተመሠረተ። መሥራቾቹ አይረን ማን፥ ቶር፥ ሀልክ፥ አንት ማንና ዋስፕ ነበሩ። ሀልክ ገና በሁለተኛው ቍጥር ተቈጥቶ ወጣ፤ በአራተኛው ቍጥር፥ በ1964፥ ብዙ ዘመን በበረዶ ውስጥ የኖረው ካፒቴን አሜሪካ ተገኝቶ ገባ። ይህ ሁሉ ቀላል ለውጥ ነበረ። ከባዱ ለውጥ የመጣው በ1965 በወጣው በ16ኛው ቍጥር ነው። ቶር በሩቅ አገር ሳለ የቀሩት መሥራቾች ደክመናል፥ ዕረፍት ያስፈልገናል ብለው ወጡ፤ ካፒቴን አሜሪካም ሦስት አዳዲስ ሰዎችን ይዞ ቀረ። እነርሱም ሆክአይ የተባለው ቀስተኛ፥ ኩዊክሲልቨር የተባለው ፈጣንና እኅቱ ስካርሌት ዊች ናቸው። ሦስቱም ቀድሞ ከጀግኖች ጋራ የተዋጉ፥ በክፉዎች ወገን የተቈጠሩ ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ለውጥ ድፍረት አስተውል። ነጐድጓድ የሚያወርደው ሄዷል፤ በብረት ልብስ የሚበረው ሄዷል፤ የቀሩት አንድ ጋሻ የያዘ ወታደር፥ አንድ ቀስተኛና ሁለት ስደተኞች ናቸው። ሕዝቡ ይጠራጠራቸዋል፤ ቀስተኛውም «አለቃ ልሆን የሚገባኝ እኔ ነኝ» እያለ ካፒቴኑን ዕለት ዕለት ይነዘንዘዋል። ያን ጊዜ መጽሔቱ የኃይል ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የኀላፊነት ታሪክ ሆነ። አንባቢው የሚጠይቀው «ጠላትን ያሸንፉታልን?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ይህን ስም ሊሸከሙ ይገባቸዋልን?» ብሎም ነው። ስሙ ከሰዎቹ ከበደ፤ ሰዎቹም ከስሙ በታች ሆነው ወደ ላይ አደጉ። የማኅበር ለውጥ መልካም የሚሆነው እንደዚህ ሲሆን ነው እንላለን።

ሁለተኛው ምስክር «ኤክስ ሜን» ነው። ይህም ማኅበር በ1963 በአምስት ተማሪዎች ተመሠረተ፤ ነገር ግን ገበያው ስለ ቀዘቀዘ በ1970 አዲስ ታሪክ መውጣቱ ቀረ። በ1975 ሌን ዊን ደራሲ፥ ዴቭ ኮክረም ሠዓሊ ሆነው ማኅበሩን ከልዩ ልዩ አገር በተሰበሰቡ ሰዎች አደሱት፤ ከኬንያ፥ ከጀርመን፥ ከሩሲያ፥ ከካናዳ፥ ከአየርላንድ፥ ከጃፓን፥ ከአሜሪካም ከአፓቼ ሕንዶች ወገን። ከእነዚህ መካከል ነፋስንና ዝናምን የምታዝዘው ስቶርም፥ እናትዋ ኬንያዊት የሆነች ሴት፥ ለእኛ ለአፍሪካ አንባቢዎች ልዩ ትኵረት የሚገባት ናት። በ1980 አለቃው ሳይክሎፕስ ሲወጣ ማኅበሩን የመራች እርስዋ ናት። በ1984 ኃይልዋን ሁሉ አጣች። በ1986 በወጣው በ201ኛው ቍጥር ሳይክሎፕስ ተመልሶ አለቅነቱን በተከራከራት ጊዜ ሁለቱ ተወዳደሩ፤ ኃይል የሌላት ሴት ኃይል ያለውን ወንድ አሸንፋ በወንበርዋ ጸናች። ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት በዚህ ያስተማረው ነገር ብዙ የስብከት ገጽ የሚያሻው ነው፤ አለቅነት በክንድ አይደለም፥ በአእምሮና በጽናት ነው።

እስከዚህ አመሰገንን፤ ነቀፌታውን ደግሞ እንናገር። እነዚህ መጽሔቶች አንድ ትልቅ ጕድለት አለባቸው፤ ይኸውም ዘመን የማያልፍባቸው መሆናቸው ነው። አንባቢው ያረጃል፥ ደራሲው ይሞታል፥ ጀግናው ግን ሁልጊዜ ጐልማሳ ነው። ጀግናው ካላረጀ ወንበሩ በራሱ ጊዜ አይለቀቅም፤ ወንበሩ ካልተለቀቀም አዲስ ሰው አይገባም። ስለዚህ ደራሲው ስፍራ ለመክፈት የግድ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ያጣላል፥ ወይ ይገድላል። ሞቱም ቢሆን አይጸናም። የኤክስ ሜንዋ ጂን ግሬይ በ1980 ስትሞት ብዙ አንባቢ አለቀሰላት፤ ጥቂት ዓመት ሳያልፍ ግን «አልሞተችም ነበረ» ተብሎ ተመለሰች። እንባ ያስከፈለ ሞት በኋላ እንደ ሐሰት ወሬ ሲሻር አንባቢው ሁለተኛ አያለቅስም። ከዚህም የባሰ አለ። በ2004 አቬንጀርስ በብርቱ አደጋ ፈረሰ፤ በ2005 መጀመሪያም «አዲሶቹ አቬንጀርስ» ተብሎ ሲታደስ ቀድሞውንም በየራሳቸው መጽሔት እጅግ ገናና የነበሩት ስፓይደር ማንና ዎልቨሪን ገቡበት። መጽሔቱ በሚገባ ተሸጠ፤ ነገር ግን ከ1940ው ደንብ ጋራ ብናስተያየው ነገሩ ተገልብጧል። ቀድሞ ገናናው ወጥቶ ለታናሹ ስፍራ ይለቅ ነበረ፤ አሁን ግን ታናሹ ወጥቶ ለገናናው ስፍራ ይለቃል።

እንግዲህ ዘመን የማያልፍበትን ማኅበር ካየን ዘንድ፥ ዘመንን መሠረቱ ያደረገ ማኅበር ወዴት ይገኛል ብለን ብንጠይቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በዲላ ዙሪያ ባለው በጌዴኦ ምድር እናገኘዋለን። የጌዴኦ ሕዝብ ባሌ የሚባል የትውልድ ሥርዓት አለው፤ ይህ ስም ከባሌ ተራራ ስም ጋራ አይምታታ። በዚህ ሥርዓት ሰው ብቻውን አይወጣም፥ ብቻውንም አይወርድም፤ ከእኩዮቹ ጋራ በደረጃ እየተላለፈ ይሄዳል። ቤኪንግሃምና ሀንቲንግፎርድ የተባሉት የእንግሊዝ ሊቃውንት እንደ ጻፉት ደረጃው ሰባት ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ዐሥር ዓመት ይይዛል፤ ዙሩም በ70 ዓመት ይመላል። የበላዩ አባ ገዳ ይባላል፤ ሕዝቡ የሚመክርበትና የሚፈርድበት ሸንጎ ደግሞ ሶንጎ ይባላል። ከጌዴኦ ጋራ የሚዋሰኑት የጉጂ ኦሮሞዎችም እንዲሁ በየስምንት ዓመቱ በሜኤ ቦኮ ተሰብስበው ሥልጣን ይረካከባሉ፤ ይህ የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት በ2016 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ተጽፏል። በገዳ ሥርዓት ዘመኑን የፈጸመው አለቃ አይሰደድም፥ አይዋረድም፤ ወደ አማካሪነት ደረጃ ያልፋል፤ ተተኪውም በችግር ጊዜ ምክሩን ይጠይቀዋል።

ይህን ሥርዓት ከመጽሔቶቹ ጋራ ብናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። በመጽሔቱ ወንበርን የሚከፍተው ጥል ወይም ሞት ነው፤ በባሌ ግን ዕድሜ ራሱ ይከፍተዋል። በመጽሔቱ የወጣው ሰው ይረሳል፥ ወይም ተመልሶ የተተኪውን ስፍራ ይነጥቃል፤ በትውልድ ሥርዓት ግን የወጣው ሰው ከወንበሩ አጠገብ ሌላ ወንበር አለው። ምናልባት አንድ ብልህ አንባቢ «መውጫው ቀን አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ ታሪኩ ምን ያጓጓል?» ይለን ይሆናል። እኛ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያጓጓ የለም እንላለን። መውጫው ሳይታወቅ ሲቀር አንባቢው የሚጠብቀው «ይሞታልን ወይስ ይድናል?» የሚለውን ብቻ ነው፤ መውጫው ሲታወቅ ግን «በተሰጠው ዘመን ምን ይሠራበታል?» ብሎ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ የፍርሀት ነው፤ ሁለተኛው የጠባይ ጥያቄ ነው፤ መልካም ድርሰትም ሁሉ የሚቆመው በጠባይ ላይ ነው።

ለዚህም ከራሳቸው ከልዕለ ጀግኖች ታሪክ ምስክር እንጠራለን። በ2019 በወጣው «አቬንጀርስ፥ ኤንድጌም» በተባለው ፊልም መጨረሻ ካፒቴን አሜሪካ አርጅቶ፥ ጠጕሩ ሸብቶ በወንበር ተቀምጦ ይታያል፤ ጋሻውንም በእጁ ለወዳጁ ለሳም ዊልሰን ያስረክባል። በዚያ ትዕይንት ጦር የለም፥ እሳት የለም፥ ጩኸት የለም፤ ይሁን እንጂ ከፊልሙ ሁሉ ለልብ የሚቀርበው እርሱ ነው። ስለ ምን? ዘመን አንድ ጊዜ ሥራውን እንዲሠራ ተፈቀደለትና ነው። ሽማግሌ ለጐልማሳ ሲያስረክብ ማየት የሰው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ደስታ ነው።

ሚዛናችን ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያጋድል እንጠንቀቅ። የትውልድ ሥርዓት ሰውን የሚያስገባው በመወለዱና በዕድሜው ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ለእንግዳው፥ ለሴቲቱ፥ ትናንት ጠላት ለነበረው ሰው በቀላሉ አይደርስም። በዚህ ረገድ መጽሔቶቹ የሚያስተምሩት አላቸው። ቀስተኛው ሆክአይ ከክፉ ሥራው ተመልሶ መጣ፥ በሩም ተከፈተለት፤ ስቶርም ከአፍሪካ መጣች፥ አለቃም ሆነች። በ1958 የተጀመረው የ«ሌጅዮን» ጀግኖች ማኅበር ደግሞ አለቃውን በምርጫ ይሾም ነበረ፤ አንባቢዎችም ድምፃቸውን በደብዳቤ እየላኩ በምርጫው ይካፈሉ ነበረ። ወደዚህ ማኅበር ለመግባት ጠይቀው የተከለከሉት ሰዎች ተስፋ ሳይቈርጡ በ1963 የተተኪዎች ማኅበር መሥርተው ታላላቆቹ በማይደርሱበት ስፍራ አገር ሲጠብቁ እናነባለን። የተናቀ ሰው የራሱን በር ሲከፍት የሚያሳይ ታሪክ ለወጣት መልካም ምግብ ነው። እንግዲህ የመግቢያውን በር ስፋት ከመጽሔቶቹ፥ የመውጫውን በር ክብር ከባሌ ብንማር ሁለቱ ተደጋግፈው አንድ ሙሉ ትምህርት ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ የምንናገረው በአገራችንም ልዕለ ጀግኖች መጻፍ ስለ ጀመሩ ነው። በ2018 ብስራት ደበበ ባቋቋመው በኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለው መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ጀግናው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ የሚንከራተት ወጣት አማኑኤል ጥላሁን ነው። ሥራ ፈላጊን ጀግና ማድረጉ ብልህ ምርጫ ነው፤ የዘመኑ ወጣት ራሱን ያይበታልና። በ2019 ደግሞ «ሃዊ» የተባለችው ጀግና ተከተለች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የልጆች ዝግጅት የታወቀችው ብሩክታዊት ጥጋቡም «ጥበብ ገርልስ» በተባለው ሥራዋ ሦስት ልጃገረዶችን በአንድነት አሰለፈች። እነዚህ ጅማሮች ናቸውና እንደ ጅማሮ ልናከብራቸው ይገባል። ጀግኖቻችን እየበዙ ሲሄዱ ግን ማኅበር መመሥረታቸው አይቀርም፤ ማኅበርም ከተመሠረተ መግባትና መውጣት ይመጣል። ያን ጊዜ ደራሲዎቻችን ጥሉንና የውሸት ሞቱን ከባሕር ማዶ ገልብጠው ያመጡልን ይሆን፥ ወይስ ዘመን የሚያልፍበት፥ ጀግናው የሚሸብትበት፥ ጋሻውን በፈቃዱ ለታናሹ የሚያስረክብበት ታሪክ ይጽፉልን ይሆን?

ምክራችን ይህ ነው። አንደኛ፥ ማኅበሩን ከመመሥረት አስቀድሞ የመውጫው ደንብ ይጻፍ፤ መውጫ የሌለው ቤት ወኅኒ ነውና። ሁለተኛ፥ የወጣው ጀግና ከታሪኩ አይጥፋ፤ በሶንጎ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ ምክሩ ይሰማ። ሦስተኛ፥ አዲሱ ሰው ሲገባ ከኃይሉ በፊት ዕዳው ይነገር፤ ማንን እንደ ተካ፥ የትኛውን ሥራ ሳይፈጸም እንደ ተቀበለ አንባቢው ይወቅ። አራተኛ፥ ሞት ከመጣ እውነተኛ ሞት ይሁን፤ ሐዘንተኛ ሁለት ጊዜ አይታለልም። ይህን የምንለው የደራሲን እጅ ለማሰር አይደለም። ደንብ ያለው ጨዋታ ደንብ ከሌለው ይልቅ እንዲጥም ገበጣ የሚጫወት ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ደራሲዎቻችን ይህ ሥርዓት በዓይን እንዲታይ ቢሹ የጌዴኦን እርሻ ይመልከቱ። ይህ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ ረዣዥሙ ዛፍ ጥላ ይሆናል፤ ከሥሩ እንሰት ይበቅላል፤ ቡናው ደግሞ በሁለቱ ተከልሎ ያፈራል። የእንሰት ችግኝ ከተተከለበት እየተነቀለ ወደ ሰፊ ቦታ ይዛወራል፤ መነቀሉም ለማደጉ ነው እንጂ ለመጥፋቱ አይደለም። የደረሰው ተቈርጦ ቤተ ሰብ ሲመግብ ታናሹ በስፍራው ይተካል፤ እርሻው ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሁልጊዜ ለምለም ነው። በዚያ እርሻ ውስጥ «እኔ ከሌለሁ ምድሩ ይጠፋል» የሚል አንድ ተክል የለም። የማኅበር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያስተውል ጀግኖቹን እንዴት እንደሚያስገባና እንዴት እንደሚያወጣ ያውቃል፤ አንባቢውም መጽሔቱን ሲዘጋ ከሥልጣን መውረድ ሞት አለመሆኑን ይረዳል።